ፍራንክፈርት ላይ ተክዬ የረሳሁት ድንኳን

ደሴ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ጠዋት ከሆጤ ስትወጣ ጃኬት ለብሰህ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬቱን አውልቀህ ክንድህ ላይ ታደርጋለህ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ ቢለካ ግን ከ13 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። በዚያች ርቀት ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ትወርዳለህ። ላይ ጉም ነው፣ ታች ፀሐይ።

የማስተርስ ጥናቴ የተነሳው ከዚህ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ እናቴ ደሴ ናት። በሳምንት ሁለቴ ሐረጎን እመላለሳለሁ። የክረምቱ ዝናብ ከጦሳ ተራራ እስከ ቦርከና ሜዳ እንዴት እንደሚከፋፈል በኮምፒውተር ማስላት ፈለግሁ። መነሻው መረጃ በነጻ ይገኛል። ኢአርኤ5 የሚባለው የአውሮፓውያን መረጃ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን አየር በየሰዓቱ መዝግቦ ይዟል። ግን ምድርን የሚያያት በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ ነው። የአንዱ ሳጥን ጎን ወደ 31 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መነጽር ደሴና ኮምቦልቻ አይለዩም። ጃኬቱ የቱ ጋ እንደሚወልቅ መረጃው አያውቅም።

ስለዚህ ሳጥኑን ማጥበብ አለብህ። ለዚህ ደብልዩአርኤፍ የሚባል የአየር ሁኔታን የሚያሰላ ሞዴል አለ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ መጀመሪያ በ9 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ውስጡ በ3 ኪሎ ሜትር ሳጥን አዘጋጀሁት። በ3 ኪሎ ሜትር ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ አራት ወይም አምስት ሳጥን ይገባል። ቁልቁለቱ መታየት ይጀምራል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ያንኑ ቦታ ከ9 ወደ 3 ኪሎ ሜትር ስታወርደው ሳጥኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሦስት እጥፍ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ሳጥኑ ሲጠብ የጊዜ እርምጃውም፣ ማለትም ሞዴሉ በአንዴ ወደፊት የሚሄደው ሰከንድ፣ በሦስት ያጥራል። ሦስት ሲባዛ ሦስት ሲባዛ ሦስት፣ 27 እጥፍ ሥራ ማለት ነው። የኔ ላፕቶፕ አራት ኮር፣ ማለትም አራት የማስሊያ ክፍል፣ ነው ያለው። የአንድ ወር ስሌት ስሰጠው ከአንድ ቀን በላይ ፈጀ፣ ግማሽ ሳይደርስም መብራት ሄደ። ባትሪው አንድ ሰዓት ከምናምን ያዘው። ከዚያ ጠፋ። ይህ ሦስቴ ተደገመ። ያኔ ነው ማሽን ለመከራየት የወሰንኩት።

አንድ ሥራ አብረው እንዲሠሩ የተገናኙ ማሽኖች ክላስተር ይባላሉ። ክላስተር ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ሱፐር ኮምፒውተር ይመስለዋል። ነገሩ ግን ጅጌ ነው። አባቴ ገጠር ሳሉ እህል ሲደርስ ጅጌ ይጠራል። ሃያ ሰው በአንድ ማሳ ይሰለፋል። እያንዳንዱ የራሱን ትልም ይዞ ያጭዳል። ግን ዝም ብሎ አይሄድም፣ ጎኑ ያለውን ያያል። አንዱ ከቀደመ መስመሩ ይጣመማል፣ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። ሞዴሉም እንዲሁ ነው። የወሎ ካርታ ይቆራረጥና ለየፕሮሰሰሩ ቁራጭ ይደርሰዋል። በየእርምጃው እያንዳንዱ ቁራጭ ድንበሩ ላይ ያለውን ነፋስና እርጥበት ለጎረቤቱ ይነግራል። ካልነገረው ጎረቤቱ አይቀጥልም። የሐምሌ ወርን በ12 ሰከንድ እርምጃ ካሰላህ ይህ የድንበር ወሬ ቢያንስ 216,000 ጊዜ ይለዋወጣል ማለት ነው።

ርካሽ ኮምፒውተሮችን አገናኝቶ እንዲህ ማሠራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኤተርኔት ገመድ አገናኝተው ቤዎልፍ አሉት። አሁን ያለው ልዩነት ማሽኑን መግዛት አለመኖሩ ነው። በኢንተርኔት በሰዓት ትከራያለህ። የኔዎቹ ያሉት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። መብራቱም የሚበራው እዚያ ነው።

ኪራዩ በዶላር ነው። እህቴ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ካርዷን አስመዝግባ «በወር እስከ 50 ዶላር ተጠቀም» አለችኝ። እሷ አልጋ አንጥፋ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ይህን የምጽፈው ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ ለምን እንዳመመኝ እንዲገባችሁ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። አንድ ትንሽ ማሽን ሁልጊዜ ይበራል። እሱን አለቃ እንበለው። ሁለት ቨርቹዋል ሲፒዩ (አከራዮች የማሽንን አቅም የሚቆጥሩበት መለኪያ) አለው፣ በሰዓት 5 ሴንት አይሞላም። ፋይሎቹ እሱ ጋ ናቸው። ሠራተኞቹ ደግሞ ትልልቅ ማሽኖች ናቸው፣ ሥራ ሲኖር ብቻ የሚበሩ። ሁሉም በአንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ ናቸው፣ ከውጭ የሚገባው በአለቃው በኩል ብቻ ነው። የአለቃው ዲስክ ኤንኤፍኤስ በሚባል በኔትወርክ ፋይል የማጋሪያ ዘዴ ለሁሉም ይጋራል። ሥራ የሚያከፋፍለው ስለርም የሚባለው ሶፍትዌር ነው።

መጀመሪያ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ በእጄ አዘጋጀኋቸው። እዚያ ላይ አንድ ሳምንት አጠፋሁ። ሁለተኛው ማሽን ላይ የኔ ፋይል «አይፈቀድልህም» ይለኛል። ስሜ ያው ነው፣ የይለፍ ቁልፌም ያው ነው። ለካ ማሽኖቹ የሚሠሩበት ሊኑክስ ሰውን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። አለቃው ላይ 1001 ነኝ፣ ሁለተኛው ላይ 1002 ሆኛለሁ። ቁጥሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ስለርም እምቢ አለ። ስለርም ማሽኖቹ እንዲተማመኑ መንጅ የሚባል ነገር ይጠቀማል። በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ምሥጢራዊ ቁልፍ መኖር አለበት፣ ፋይሉንም ከመንጅ በቀር ማንም ማንበብ የለበትም። ሰዓታቸውም መግጠም አለበት። በተለመደው ቅንብር የአንዱ ማሽን ሰዓት ከሌላው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተዛባ መልእክቱን አይቀበለውም። እኔ ቁልፉን ሦስተኛው ማሽን ላይ ሳልገለብጥ ነው የቀረሁት።

ከዚያ በኋላ በእጅ መሥራት ተውኩ። አንድ ማሽን በደንብ አዘጋጅቼ ምስሉን፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ አስቀመጥኩ። የቀሩት ከዚያ ምስል ይባዛሉ። ቁጥሩም ቁልፉም አንድ ሆነ።

ከዚህ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የምለው ሌላ ነገር አለ። ምንም ከባድ ፋይል በላፕቶፕህ አታሳልፍ። ለሞዴሉ የሚያስፈልገው የመሬት አቀማመጥ መረጃ ሲፈታ ወደ 30 ጊጋባይት ይሆናል። በስልክ ኢንተርኔት እሱን አውርዶ መልሶ መጫን የማይታሰብ ነው። አለቃው ላይ ገብተህ ከምንጩ በቀጥታ አስወርደው፣ ሳትጠብቅ ያልቃል። ስትገባ ደግሞ ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ሆነህ ሥራ። እኔ ጋ መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ የጀመርኩት ሥራ እዚያው ይቀጥላል። ተመልሼ ስገባ ካቆምኩበት ጋ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ በደስታ ብድግ አልኩ። ኮምቦልቻ ጨለማ ነው፣ እኔ በስልኬ እያየሁ ፍራንክፈርት ላይ የወሎ ሐምሌ እየተሰላ ነው።

ጥፋቱ የመጣው አንድ ዓርብ ነው።

አራት ሠራተኛ ከፍቼ ፍጥነት እየለካሁ ነበር። የአንዱ ኪራይ በሰዓት ወደ 80 ሴንት ነው፣ አራቱ 3 ዶላር ከ20። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ስሌቱ አለቀ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ከላፕቶፔ ላክሁ። ወዲያው ኔትወርክ ተቋረጠ። ትእዛዙ የደረሰ መሰለኝ፣ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ደወለች። ጎረቤታችን አርፈዋል። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የኛ ሰፈር ቅሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። ቅሬው ከተጠራ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። እኛ ወጣቶቹ ድንኳኑን ተከልን፣ ወንበር አመላለስን፣ ውኃ ቀዳን። ስልኬን አላየሁም። ሰው ለቅሶ ላይ ስልክ አያይም።

ሰኞ ሣልስቱ ሲያልቅ ድንኳኑን አፈረስን። የቅሬው ጸሐፊ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ቋሚው ይቆጠራል፣ ሸራው ይታጠፋል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይቆጠራል፣ ድስቱ ይቆጠራል። አንድ ቋሚ ጎደለ። እስኪገኝ ማንም አልሄደም። ግቢው ጀርባ የልብስ ማስጫ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ምልክት አደረጉና «አሁን ግቡ» አሉን።

ከዚያ ነው ስልኬን የከፈትኩት። ከረፋዱ 4 ሰዓት። ቅዳሜ ማታ የተላከ ኢሜይል አለ፦ ሒሳብህ ካስቀመጥከው 50 ዶላር አልፏል። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ከዓርብ ምሽት 4 ሰዓት እስከ ሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። አራቱ ማሽኖች ምንም ሳይሠሩ 60 ሰዓት በርተዋል። 192 ዶላር።

ማስጠንቀቂያ ማሽን አያጠፋም። ይነግርሃል እንጂ። ይህን ያልተረዳሁት እኔ ነኝ።

ማሽኖቹን በስልኬ አጠፋሁና ለእህቴ ደወልኩ። ፈርቼ ነበር። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። «አብሽር ወንድሜ» አለችኝ። «ገንዘቡ ሄዷል። ሁለተኛ እንዳይሆን አድርገህ ግን ሥራው።» ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ ስለ ለቅሶው ጠየቀችኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። መኪናው በዝግታ ይሄዳል። የማስበው ያን ደብተር ነው። ቅሬው ድንኳን ሲተክል ማን እንደሚያፈርስ፣ ማን እንደሚቆጥር፣ የት እንደሚገባ ቀድሞ ያውቃል። ለቅሶ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው፣ ሰው ያዘነና የደከመ ነው። ስለዚህ በማንም ማስታወስ ላይ አልተውትም። እኔ ማጥፋቱን በራሴ ማስታወስና በስልኬ ኔትወርክ ላይ ነው የተውኩት። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆረጥበት አገር እየኖርኩ ማጥፊያውን እኔ እጅ ላይ ማስቀመጤ ነው ስህተቱ።

አሁን ማጥፊያው እዚያው ነው። ስለርም ራሱ ይህን መሥራት ይችላል። አንድ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ 300 ሰከንድ ከቆየ ስለርም የማጥፊያ ስክሪፕቴን (በተራ የተጻፉ ትእዛዞች) ይጠራል፣ ሥራ ሲመጣ ደግሞ የማብሪያውን። እሱ ቢሳሳትስ ብዬ እያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ሌላ ትንሽ ስክሪፕት አስቀመጥኩ። በየአሥር ደቂቃው ሥራ መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ራሱን ይዘጋል። የምከራየው ድርጅት ደግሞ «ሲዘጋ ይሰረዝ» የሚል ምርጫ አለው፣ እሱን አበራሁት። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማሽኑን ብታቆመው የፕሮሰሰሩ ኪራይ ይቆማል፣ የዲስኩ ግን ይቀጥላል። ድንኳኑን አጥፎ ሜዳ ላይ እንደመተው ነው። መጨረሻ ላይ አለቃው ጠዋትና ማታ ቆጥሮ ለስልኬ መልእክት ይልካል፦ ስንት ማሽን በርቷል፣ ስንት ዲስክ አለ። የቅሬው ጸሐፊ ብዬዋለሁ።

ስክሪፕቶቹ ከተስተካከሉ በኋላ ያቋረጥኩትን ልኬት ጨረስኩ። የአንድ ወር ስሌት ነው፣ ውስጠኛው ካርታ 100 በ100 ሳጥን። በአንድ ማሽን 14 ሰዓት ፈጀ፣ ወጪው 11 ዶላር ከ20። በሁለት ማሽን ሰባት ሰዓት ተኩል፣ 12 ዶላር። በአራት አራት ሰዓት ተኩል፣ 14 ዶላር ከ40። ከዚያ ስምንት ከፈትኩ። አራት ሰዓት ከ40 ደቂቃ! ከአራቱ ዘገየ። ወጪው ወደ 30 ዶላር።

ምክንያቱ ጅጌው ላይ አለ። ስምንት ማሽን ማለት 64 ኮር ነው። 100 በ100 የሆነውን ማሳ ለ64 ስታከፋፍለው ለአንዱ የሚደርሰው 12 በ12 ገደማ ነው። ከማጨዱ ይልቅ ጎረቤትን መጠበቁ በዛ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማሽን በጨመርኩ ቁጥር ይፈጥናል ይላል። ማሳህ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ሰው ጥራ። እኔ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። ማታ ለቅቄው ጠዋት አገኘዋለሁ፣ ከአንዱ ማሽን የሚበልጠው በ80 ሴንት ብቻ ነው።

ኮር ስል ሌላ የሚያታልል ነገር አለ። የተከራየሁት ማሽን 16 ቨርቹዋል ሲፒዩ ይላል። እውነተኛው ኮር ግን ስምንት ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። 16 ሥራ ስሰጠው ከስምንቱ ዘገየ። ስለዚህ በአንድ ማሽን ስምንት ብቻ። ደግሞም ማሽኖቹ በአንድ ማዕከል ውስጥ ተጠጋግተው እንዲቀመጡ መጠየቅ ይቻላል፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። የድንበሩ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

በርካሽ የሚከራዩ ትርፍ ማሽኖችም አሉ፣ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ባለቤቱ ሲፈልጋቸው ግን በሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይወስዳቸዋል። አንዱ ከተወሰደ ጅጌው በሙሉ ይቆማል። እኔ እጠቀምባቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ሞዴሉ በየ1,440 ደቂቃው፣ ማለትም በየአንድ የስሌት ቀን፣ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አድርጌያለሁ። ቢቆም የማጣው ከአንድ ቀን ያነሰ ስሌት ነው።

የመጨረሻው እንቅፋት ከማሽኑ ሳይሆን ከአገሬ ተራራ መጣ። ስሌቱ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል። መዝገቡ ውስጥ ሲኤፍኤል የሚል ቃል ተደጋግሞ አየሁ። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የሚባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ሕግ ነው። በአንድ እርምጃ አየሩ ከአንድ ሳጥን በላይ መዝለል የለበትም፣ ከዘለለ ስሌቱ ይፈነዳል። የተለመደው ልማድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሳጥን ስድስት ሰከንድ ነው፣ ለ3 ኪሎ ሜትር 18 ሰከንድ ማለት ነው። የተሰበረበትን ቦታ ቁጥር ካርታ ላይ ፈለግሁት። ከጦሳ ወደ ቦርከና የሚወርደው ገደል ነው! ነፋሱ ገደሉን ሲመታ ሽቅብ ይወረወራል፣ 18 ሰከንድ ለሱ ረጅም ነው። ወደ 12 አወረድኩት፣ አለፈ። ስልኬ ላይ «ተጠናቋል» የሚለውን ሳነብ እናቴ ቤት ነበርኩ። ወጥቼ ጦሳን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ውጤቱን በሙሉ አላወርድም። ካርታው እዚያው ይሳላል፣ እኔ የማወርደው ሥዕሉን ነው። 300 ኪሎባይት ገደማ፣ ሐረጎ ላይ እንኳ ኔትወርክ ብልጭ ሲል ይገባል። የመጀመሪያውን ሥዕል ለእናቴ አሳየኋት። ደሴ ሰማያዊ ነው፣ ኮምቦልቻ ቢጫ ነው። «ይቺ ቢጫዋ ያንተ ቤት ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ይሞቃል ማለት ነው» አለች።

ሥዕሉን ለእህቴም ላክሁላት። የሚቀጥለው የበልግ ስሌት ነው፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት። ትናንት ማታ አዲሱን ስክሪፕት ጀመርኩ። እስካሁን የተጻፈው የማጥፊያው መስመር ብቻ ነው።